ባለ ሁለት ጎራሽ

ከሐርቡ ገበያ፣ ከማሾ ሚዛኔ ጎን፣
በር ዘግቶ አወጣት፣ እንድሪስ ባንቴ ያን ቀን።
ከጨርቅ ውስጥ ጨርቅ ፈትቶ፣ ከዚያም ከላስቲክ ውስጥ፣
መዳፍ የማትሞላ፣ ድቡልቡል ያለች ሽጉጥ።

«እያት» አለኝ፣ «ጌትዬ፣ አፈሙዟን ተመልከት፣
አውራ ጣት ያስገባል፣ ጉድ ነው የሷ ጥይት።
ሰውነቷ የጫጩት፣ ጩኸቷ የበሬ፤
ለሌላው መቶ ሃምሳ፣ ላንተ መቶ ሃያ ዛሬ።»

እኔ የሚዛን ሰው ነኝ፣ በጆሮዬ አላምንም፤
ሳህኑ ላይ ጣልኋት፤ ግማሽ ኪሎ አትመዝንም።
አራት መቶ ግራም፣ ከድንጋዮቼ ያንሳል፤
ይህ ነው መቶ ሃያ ሺህ? በግራም ስንት ይደርሳል?
ለግራሙ ሦስት መቶ! የአሚናት የብር አምባር
በዚህ ሂሳብ ቢሸጥ፣ ልጃችን ይማር ነበር።
አሥር ኩንታል ማሾ፣ ከነጆንያው ይሆናል፤
ሁለት ጊዜ ስትጮህ፣ አምስት አምስቱ ይበናል።

ጥይቷስ? ብዬ ጠየቅሁ። «ደሴ አንድ ሰው አለ» አለኝ፤
አንዷ አንድ ሺህ ብር። ያ ሰው ቢሞት ማን አለኝ?

ግን መንገዱም አለ፤ ከኮምቦልቻ ማታ
ብር ወገብ ላይ አስሮ፣ ጨለማው ሲበረታ።
ባለፈው ሙህዬን ከባጃጅ አስወረዱት፣
ጫማውንም ሳይቀር ፈተው ነው የሸኙት።
ሌሊት አስባለሁ፦ ቢደርስስ የኔ ተራ?
ኪሴ ውስጥ ትተኛ፤ እኔ ደግሞ አልፍራ።

እንሞክራት ብዬ፣ ቦርከና ዳር ወረድን፤
ቁልቋል ላይ አለምሁ፣ አሥር እርምጃ ቆጥረን።
ሁለት ጣቴ ብቻ ነው መያዣዋን ያገኘው፤
ትንሿ ጣቴ የጨበጠችው አየሩን ነው።
ምላጯን ሳብሁት።

ወላሂ፣ በቅሎ ናት!
ጆሮዬ ጭው አለ፣ አንጓዬ ተቃጠለ፤
ቁልቋሉ እንደቆመ፣ አንድ አበባ አልጣለ።
«ድገም» አለኝ እንድሪስ፣ «እጅህን ትለምዳለች።»
ሁለተኛዋ የት እንደገባች ቦርከና ታውቃለች።
ከዚያ ወዲያ ባዶ ናት፤ የበር ቁልፍ ያህል ብረት፤
እስካጎርሳት ድረስ ሌባውን «ቆየኝ» ልበል? በየት ድፍረት?

ሳምንት ሙሉ እጄ አብጦ፣ ማሾ ማፈስ አቃተኝ፤
አሚናት እያሸችኝ፣ «ምን መታህ?» ብትለኝ፣
«ሚዛን ወደቀብኝ» አልኋት።
ውሸት አይደለም ምናልባት።

አባቴ ምንሽር ነበረው፣ ከቁመቴ የሚረዝም፤
ትከሻው ላይ ሲያዩት፣ የሚከራከርም ዝም።
አንድም ቀን ሳይተኩስ፣ መንገድ ይለቅለት ነበር፤
ሲሞት እንኳ ጥይቱ፣ ጎደሎ አልነበረም ከዝናር።
ይቺ ግን አትታይም። ያልታየ ምን ያስፈራል?
ከኪስ የወጣች ዕለት፣ መግደል ብቻ ይቀራል።

ደግሞስ ማን ላይ ነው? አምና አንድ ልጅ መጥቶ፣
አውራ ጣቴን ቀስ ብዬ፣ ድንጋዩ ላይ ጫን ስል አይቶ፣
ሳይቆጥር ሄደ ብሩን፤
እኔ ዘንድ ተወው፣ ያን ዓይኑን።
ጨለማ ላይ ፊት ለፊቴ ቢቆም፣ በምን እለየዋለሁ?
እሱ ግን አውራ ጣቴን ያውቃታል። ይህን አውቃለሁ።

ትናንት መለስኋት ለእንድሪስ፣ እንደነበረች ጠቅልዬ፤
«ትጸጸታለህ» አለኝ። «አብሽር» አልሁት፣ «ይሆናል» ብዬ።

ዛሬ ገበያ ነው። ሳህኑን በአመድ አሸሁት፣
የብረት ዘይት ሽታ አለው፤ ደግሜም አጠብሁት።
ማሾ ይዛ የመጣች ሴት፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች፤
«ምን መዝነህበታል?» አለች።
«ዘይት ነው» አልኋት፣ አውራ ጣቴን ኪሴ ከትቼ።
መዘንሁላት። ሰጠኋት ገንዘቧን ሞልቼ።

ነገ ኮምቦልቻ ነኝ። ስመለስ ይመሻል።